አጥር የሌለው በር፦ ስለ ውጊያ ሚናዎች ለቀረበው ጽሑፍ ምላሽ

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የምናብ ጨዋታዎች የገጸ ባሕርያትን የውጊያ ሚና እንዴት ማመጣጠን እንደሚቻል የሚያስረዳውን ጽሑፍ አንብበነዋል። ጸሐፊው በጥቅሉ ስድስት ነገር ይላሉ። ማንኛውም ቡድን ታንክ፣ ፈዋሽ፣ አጥቂና ተቆጣጣሪ የግድ ያስፈልገዋል። ታንኩ ፊት ቆሞ ጠላትን ይይዛል። ፈዋሹ በየዙሩ ይፈውሳል። ዊዛርዱ (አስማተኛው) ፋይተሩን (በመሣሪያ የሚዋጋውን) ስለሚያስንቀው ፋየርቦል የተባለው የእሳት ድግምቱ ጉዳት በግማሽ ይቀነስ። ውጊያው ከቀለለ የጭራቁ የሕይወት ነጥብ፣ ማለትም ከመውደቁ በፊት የሚችለው ጉዳት፣ እጥፍ ይሁን። ተጫዋቾቹ ሦስት ብቻ ከሆኑ ደግሞ የጨዋታው መሪ (ጭራቆቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰው) ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ፈዋሽ ይጨመር።

ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም ስለሆነ እኛም በዚያው ሕግ እንመልሳለን። ስሌታችን የ2014ቱን መጽሐፍ ይከተላል፤ የ2024ቱ ማሻሻያ ከቀየራቸው አንዳንዶቹን እንጠቅሳለን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። የምንቆጥርበት ቡድን አራት ሰው አለው፦ ፋይተር፣ ሮግ (ሌባው)፣ ክሌሪክ (ድግምት ያለው የሃይማኖት ተዋጊ) እና ዊዛርድ። ሁሉም ደረጃ 5 ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ዋና ችሎታ 18 ነው። ስለዚህ ሲያጠቁ በዳይሱ ላይ 7 ይጨምራሉ፣ ድምሩ የጠላትን የመከላከያ ቁጥር ከደረሰ ይመታሉ፤ ጠላት ድግምታቸውን ለመቋቋም በዳይስ ማምጣት ያለበት ቁጥር ደግሞ 15 ነው።

ስለ አራቱ ሚናዎች ብዙ አንልም። ጸሐፊው ክፍፍሉን ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ አስመስለውታል፤ አይደለም። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት ሕግ ሦስት ሙያ ብቻ ነበረው፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ክሌሪክ። ሌባው የመጣው በ1975 በወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። ተከላካይ፣ አጥቂ፣ መሪ፣ ተቆጣጣሪ የሚል ምልክት በየሙያው ላይ የለጠፈው የ2008ቱ አራተኛ እትም ሲሆን፣ አምስተኛው እትም ያንን መልሶ አንስቶታል። ምልክቱ ሲነሳ ከጀርባው የነበሩት ሕጎችም አብረው ተነሥተዋል። ጽሑፉ ይህን ሳያስተውል ስሞቹን ብቻ መልሶ አምጥቷቸዋል።

ስለ ታንኩ የተባለው ግን ሰፊ መልስ ይፈልጋል፤ ብዙ ቡድን የሚያልቀው እዚህ ላይ ነውና። በኮምፒውተር ጨዋታ ታንክ ጠላትን መያዝ የሚችለው፣ ጭራቁ ማንን እንደሚመታ የሚወስን የተደበቀ ቁጥር ስላለ ነው፤ ታንኩ ያን ቁጥር ወደ ራሱ ይስበዋል። ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ኦርክ የተባለውን ጭራቅ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው፤ ብረት የለበሰውን አልፎ ቀሚስ የለበሰውን ልምታ ቢል የሚያግደው የለም።

እንዲያውም ሒሳቡ ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል። ሙሉ የብረት ልብስ 18፣ ጋሻ 2፣ የመከላከል የውጊያ ስልት 1፤ የፋይተሩ የመከላከያ ቁጥር 21 ሆነ። ኦርክ ሲያጠቃ 5 ስለሚጨምር ፋይተሩን ለመምታት በባለ 20 ገጹ ዳይስ 16 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት፤ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ሜጅ አርመር የተባለውን የመከላከያ ድግምት የደገመ፣ ቅልጥፍናው 14 የሆነ ዊዛርድ የመከላከያ ቁጥሩ 15 ነው፤ እሱን ለመምታት 10 ይበቃል፤ ዕድሉ 55 በመቶ። ጽሑፉ እንደሚመክረው የታንኩን መከላከያ ባሳደግን ቁጥር፣ ጠላት ታንኩን የሚተውበት ምክንያት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

«ሲያልፍ ይመታዋል» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። ይመታዋል፤ ግን በዙር አንዴ ብቻ ነው። ከራስ ተራ ውጭ የምትወሰደው የአጸፋ እርምጃ አንድ ናት። ሎንግሶርድ በተባለው ሰይፍ የሚመታው በባለ 8 ገጽ ዳይስና በ4 ጭማሪ ነው፤ ከፍተኛው 12። የኦርክ የሕይወት ነጥብ 15 ነው። ክሪቲካል (ዳይሱ 20 ሲያመጣ የጉዳቱ ዳይስ እጥፍ የሚሆንበት ምት) ካልወጣ በቀር የመጀመሪያው ኦርክ ቆስሎ ያልፋል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ ያለ ጭረት። አጥር በሌለበት ሜዳ ላይ በር ብቻውን ተተክሎ ማለት ይህ ነው፤ በሩ ምንም ያህል ቢጠነክር ሰው በጎኑ ያልፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አጥሩ ነው። 5 ጫማ ስፋት ያለው በር ላይ የቆመ ሰው በእርግጥ ይዘጋዋል፤ በመጠን እኩያው የሆነ ጠላት እሱ የቆመበትን ካሬ ማለፍ አይችልም። 10 ጫማ የሆነ መተላለፊያ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ክፍት ቦታ ላይ ደግሞ ታንኩን ችላ ማለት ዋጋ የሚያስከፍልበት መንገድ መኖር አለበት። አራተኛው እትም ይህን ያደርግ ነበር፤ ተከላካዩ ምልክት ያደረገበት ጠላት ሌላ ሰው ብቻ ሲያጠቃ ከዳይሱ ላይ 2 ይቀነስበታል። በአምስተኛው እትም የቀሩት መሣሪያዎች የተበታተኑ ናቸው። ሴንቲኔል የሚባለው ተጨማሪ ችሎታ፣ ሲያልፍ የተመታውን ጠላት ለዚያ ተራ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የሚጠቀመው ያችኑ አንድ አጸፋ ስለሆነ የሚይዘው አንድ ጠላት ነው። መያዝ፣ ማለትም ግራፕል፣ የጠላትን ፍጥነት ዜሮ ያደርጋል፤ ግን ነጻ እጅ ይፈልጋል። ጋሻና ሰይፍ የያዘ ፋይተር ከሁለቱ አንዱን ሳይጥል ማንንም አይይዝም። ይህን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ውጊያው መሐል ከደረሰ በኋላ ነው።

ከዚህ ቡድን ውስጥ ሜዳ ላይ በርከት ያለ ጠላት ማዘግየት የሚችለው ታዲያ ማን ነው? ክሌሪኩ። ስፒሪት ጋርዲያንስ የተባለው የሦስተኛ ደረጃ ድግምት ዙሪያውን እስከ 15 ጫማ ድረስ የጠላትን ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል፤ እዚያ ውስጥ የገባ ወይም ተራውን እዚያ የጀመረ ጠላት በ3 ባለ 8 ገጽ ዳይስ ይጎዳል፣ ከተቋቋመ ግማሹን። አጸፋ አይፈልግም፤ የጠላት ቁጥርም አይወስነውም። የሚያስፈራው ትኩረት መፈለጉ ነው፣ ትኩረቱ ከተሰበረ ድግምቱ ያበቃል፤ ክሌሪኩ በተመታ ቁጥር 10 ወይም የተቀበለውን ጉዳት ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ በጥንካሬ ውርወራ ማለፍ አለበት። ፋይተሩ ከጎኑ ቢቆም ደግሞ የተሻለ ነው፤ በግማሽ ፍጥነት የሚጎተት ጠላት በቀላሉ አያልፈውም።

ወደ ፈዋሹ እንምጣ፤ እዚህ ስሕተቱ ከስሙ ይጀምራል። ጽሑፉ ክሌሪክን «ቄስ» እያለ ነው የሚጠራው። ቄስ ሲባል ለእኛ የሚታየን መስቀል የሚያሳልሙ፣ ጠበል የሚረጩ አባት ናቸው፤ ተጫዋቹም ከኋላ ቆሞ መባረክ ሥራው ይመስለዋል። የጨዋታው ክሌሪክ ጥሩር ለብሶና ጋሻ ይዞ መዶሻ የሚያነሳ ሰው ነው። ክሌሪክ ብንለው ይሻላል።

«በየዙሩ ይፈውስ» የሚለውን በቁጥር እንፈትነው። ኦግር የተባሉ ሁለት ግዙፍ ጭራቆች ሮጉን ከበውታል፤ የመከላከያ ቁጥሩ 16 ነው። እያንዳንዱ ኦግር 55 በመቶ ይመታል፣ ሲመታም በአማካይ 13 ይወስዳል። ክሪቲካሉን ስንጨምር በተራ 7.6 ገደማ ይሆናል፤ ለሁለቱ በዙር 15። ክዩር ዉንድስ የተባለው የፈውስ ድግምት በመጀመሪያ ደረጃ ስሎት (ቁጥሩ የተወሰነ የድግምት ዕድል) የሚመልሰው በአማካይ 8.5 ነው። ክሌሪኩ ሙሉ ድርጊቱን አውጥቶ፣ ስሎት ከፍሎ፣ ሮጉ አሁንም በየዙሩ ከ6 በላይ ይጎድልበታል። ከአራት ዙር በኋላ የመጀመሪያ ደረጃ ስሎቶቹ አልቀዋል፤ ከኦግሮቹ የሕይወት ነጥብ ላይ ግን በእሱ እጅ የተቀነሰ አንድም የለም። በዚያው ስሎት ጋይዲንግ ቦልት የተባለውን የጥቃት ድግምት ቢደግም የኦግር መከላከያ 11 ብቻ ስለሆነ በአማካይ 12 ተኩል ይጎዳል፤ ቀጥሎ ለሚያጠቃው ጓደኛውም ሁለት ዳይስ ጥሎ የተሻለውን የመውሰድ ዕድል ይሰጣል። አንድ ኦግር አንድ ዙር ቀድሞ ከሞተ 7.6 ጉዳት ቀረ ማለት ነው፤ ያም ፈውስ ነው።

ብለስ የተባለውን የበረከት ድግምትም እንጥቀስ፤ ጽሑፉ ረስቶታልና። ሦስት ሰው በእያንዳንዱ ጥቃትና የመቋቋሚያ ውርወራ ላይ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ይጨምራል። መከላከያው 15 በሆነ ጠላት ላይ የመምታት ዕድልን በ12.5 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ለፋይተሩና ለሮጉ ብቻ ብናሰላው እንኳ በዙር 5 ገደማ ተጨማሪ ጉዳት ነው፣ በአራት ዙር 20። በኦግር ላይ ግን አያዋጣም፤ ቀድሞውንም 85 በመቶ የሚመቱትን ጠላት ለመምታት ምን ብለስ ያስፈልጋል?

ፈውስ ዋጋ የሚኖረው የወደቀን ሰው ሲያስነሳ ነው። ሂሊንግ ዎርድ የተባለው የፈውስ ድግምት ከ60 ጫማ ርቀት በተጨማሪ ድርጊት (ከዋናው ድርጊት ጎን በሚወሰድ አጭር እርምጃ) ይደገማል፤ 6.5 ነጥብ ነው የሚሰጠው፣ ነገር ግን የሚመልሰው ሙሉ ተራ ነው። ዋናው ሰዓቱን ማወቅ ነው። የተራውን ቅደም ተከተል እዩት፦ የወደቀው ሰው ተራ ከጠላት በፊት ከሆነ አሁን ይነሳ፤ ተነሥቶ ይመታል። ጠላት የሚቀድም ከሆነ በ6 ነጥብ ተነሥቶ ወዲያው ይወድቃል፤ ስሎቱም በከንቱ ሄደ። ከዚህ የሚለየው ጠላት የወደቀውን ለመጨረስ ከመጣ ነው። ራሱን በሳተ ሰው ላይ ከ5 ጫማ ውስጥ ያረፈ ምት ሁልጊዜ ክሪቲካል ሆኖ፣ የወደቀው ለመትረፍ በሚጥለው ዳይስ ላይ እንደ ሁለት ውድቀት ይቆጠራል፤ ሦስት ውድቀት ደግሞ ሞት ነው። ያኔ ቅደም ተከተል አይጠበቅም።

ለጸሐፊው የምንተውላቸው ነገር አለ። የ2024ቱ ማሻሻያ ክዩር ዉንድስን ወደ 2 ባለ 8 ገጽ ዳይስ፣ ሂሊንግ ዎርድን ወደ 2 ባለ 4 ገጽ አሳድጓቸዋል፤ የመጀመሪያው አሁን 13 ይመልሳል። ከሁለቱ ኦግሮች 15 ያንሳል፣ ከአንዱ ግን በደንብ ይበልጣል። ፓዝፋይንደር በተባለው ሌላ ጨዋታ፣ በ2019 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ላይ ደግሞ ምክራቸው ከሞላ ጎደል ትክክል ነው፤ እዚያ በሁለት ድርጊት የሚደገመው ሂል የተባለ የፈውስ ድግምት ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ በባለ 8 ገጽ ዳይስ ላይ 8 ይጨምራል፣ ወድቆ የተነሣ ሰውም ቁስለኛ ሆኖ ስለሚቆይ ሁለተኛው መውደቅ ይበልጥ ወደ ሞት ያቀርበዋል። ጽሑፉ የአንዱን ጨዋታ ጥበብ ለሌላው አበድሯል።

አራተኛው ነጥብ ፋየርቦል ነው። ጸሐፊው የአንድ ውጊያ ጉዳት ደምረው ዊዛርዱ ፋይተሩን ከእጥፍ በላይ እንደሚበልጠው አሳይተዋል። ድምሩ ልክ ነው። መከላከያው 15 በሆነ ጠላት ላይ ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ የያዘ ፋይተር በተራ ሁለት ጊዜ ሲመታ በአማካይ 15 ይጎዳል። የፋየርቦል 8 ባለ 6 ገጽ ዳይስ አማካይ 28 ነው፤ ለመቋቋም 2 የሚጨምር ጠላት 40 በመቶ ስለሚያመልጥና ግማሹን ስለሚቀበል ለአንድ ጠላት 22.4፣ ለሦስት 67 ይሆናል። በአራት ዙር ውጊያ ሁለት ፋየርቦልና ሁለት ስኮርቺንግ ሬይ (የእሳት ጨረር ድግምት) 163 ያህል ይሰጣሉ። ፋይተሩ አክሽን ሰርጁን (ተጨማሪ ሙሉ ድርጊት የሚሰጠውን ችሎታ) ጨምሮ 75 ላይ ይቀራል።

ግን ይህ የአንድ ውጊያ ቀን ነው። የ2014ቱ የጨዋታ መሪ መጽሐፍ በአንድ ቀን ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ግጥሚያ ይጠብቃል። ስድስት ውጊያ በአራት አራት ዙር 24 ዙር ነው እንበል፤ በመሐል አክሽን ሰርጅ የሚመለስባቸው ሁለት አጭር ዕረፍት አለ። ፋይተሩ 24 ጊዜ 15፣ በዚያ ላይ ሦስት አክሽን ሰርጅ፣ 405 ይሆናል። ዊዛርዱ ሁለት የሦስተኛ ደረጃ ስሎት አለው፤ በአጭር ዕረፍት አንድ ይመልሳል። ሦስት ፋየርቦል 201፤ የቀሩት ስሎቶች ሦስት ስኮርቺንግ ሬይና አራት ማጂክ ሚሳይል (የመጀመሪያ ደረጃ የጥቃት ድግምት) ናቸው፤ በተረፈው ዙር ስሎት የማይፈልገውን ፋየር ቦልት በ7.7 ይወረውራል። ድምሩ 395 አካባቢ ነው። ያውም ስሎቶቹን ሁሉ ለጥቃት አውሎ፣ ራሱን ለመከላከል አንዱንም ሳያስቀር ነው።

ስለዚህ ሚዛኑን የሰበረው በሁለት ረጅም ዕረፍት (ስሎቶቹ ሁሉ በሚመለሱበት) መካከል የሚደረገው ውጊያ ማነስ ነው፤ ፋየርቦል ምን አደረገ? ብዙ ጠረጴዛ በአንድ ምሽት ከአንድ ወይም ከሁለት ውጊያ በላይ እንደማይደርስ እናውቃለን፤ ስድስት ውጊያ በግድ አስገቡ አንልም። መፍትሔው ዕረፍቱን መዘርጋት ነው። በዚያው መጽሐፍ አማራጭ ሕግ አለ፦ አጭር ዕረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅም ዕረፍት 7 ቀን። ያኔ ሦስት ምሽት የፈጀ ጉዞ በሕጉ ፊት እንደ አንድ ቀን ይቆጠራል። ለዋሻና ለምሽግ ግን ይህ ስለማይመች እዚያ ውጊያውን በማዕበል መክፈል ይሻላል፦ አራት ጠላት፣ ከሁለት ዙር በኋላ ሦስት ሌላ፣ ቀጥሎ አለቃው። ፋየርቦል አንዱን ማዕበል ይጠርጋል እንጂ ሁሉንም አያገኝም።

በግማሽ ብንቀንሰውስ? ዊዛርዱ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በዚያው ስሎት ሂፕኖቲክ ፓተርን ወደተባለው የማፍዘዣ ድግምት ይዞራል። ኦግር ለዚህ ድግምት ከዳይሱ 2 ይቀነስበታል፤ 80 በመቶ ይያዛል። ሦስት ኦግር ውስጥ ሁለቱ ወይም ሦስቱም ቆመው ያፈጣሉ፤ ካልተመቱ ወይም ጓደኛቸው ካልነቀነቃቸው እስከ አንድ ደቂቃ አይነቁም። ሦስቱም ከተያዙ ድምር 177 የሕይወት ነጥብ በአንድ ስሎት ከጨዋታ ወጣ፤ በጸሐፊው የጉዳት ሠንጠረዥ ላይ ግን ይህ ድግምት ዜሮ ነው።

«የጭራቁን የሕይወት ነጥብ እጥፍ አድርጉ» የሚለው አምስተኛው ምክር የተለመደ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ነው የተለመደው። ብቻውን የቆመ ሂል ጃያንትን እንውሰድ፤ 105 የሕይወት ነጥብ፣ መከላከያ 13። ይህ ቡድን ያለ ትልልቅ ድግምት እንኳ በዙር 50 አካባቢ ስለሚጎዳው በሦስተኛው ዙር ይወድቃል። 210 ብናደርገው አምስተኛው ዙር ድረስ ይቆያል። ምን ተለወጠ? በየዙሩ አሁንም እሱ አንድ ተራ፣ እነሱ አራት ተራ አላቸው። ዳማ ላይ አንዱ አራት ጊዜ ሲጫወት ሌላው አንዴ ብቻ ቢጫወት፣ ለዚያኛው ቆርኪ ብንጨምርለት ጨዋታው ይረዝምበታል እንጂ አያሸንፍም።

ጉዳቱን መጨመርም አደገኛ ነው። የዚህ ዊዛርድ የሕይወት ነጥብ፣ ጥንካሬው 14 ከሆነ፣ 32 ነው። የጃያንቱ ሁለት ምት ሁለቱም ካረፉ በአማካይ 37። ባለበት ቁጥር እንኳ በአንድ ተራ ይጥለዋል።

የሚጨመረው ተራ ነው። ከጃያንቱ ጋር ሁለት ኦርክ አስገቡ። በ2014ቱ ሒሳብ ጃያንቱ ብቻውን 1800 የልምድ ነጥብ (የውጊያው ክብደት የሚለካበት) ነው፤ ለዚህ ቡድን መካከለኛ ውጊያ ከ2000 ስለሚጀምር እዚያ እንኳ አይደርስም። ሁለቱ ኦርኮች 200 ይጨምራሉ፤ ድምሩ 2000፣ ጠላቶቹ ሦስት ስለሆኑ በ2 ተባዝቶ 4000፤ ከባድ ከሚጀምርበት 3000 በላይ፣ ገዳይ ከሚባለው 4400 በታች። የ2024ቱ መጽሐፍ ማባዣውን አስቀርቷል፤ በእሱ የምታሰሉ ቁጥሩ ይለይባችኋል። ሜዳው ላይ የሚሆነው ግን ያው ነው። ኦርክ በተጨማሪ ድርጊት ወደ ጠላቱ መሮጥ ስለሚችል ከሩቅ ተነሥቶ ዊዛርዱ ላይ ይደርሳል። ፋይተሩ ጃያንቱን ትቶ ይመለስ? ሮጉ ይድረስለት? ክሌሪኩ ትኩረቱን በየትኛው ድግምት ላይ ያድርግ? እያንዳንዱ ተጫዋች የሚመልሰው ጥያቄ አገኘ፤ ሚና የሚባለው ነገርም እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ብቸኛ ጭራቅ የግድ ከፈለጋችሁ፣ በሌሎች ተራ መጨረሻ ላይ የሚወስዳቸው ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ እርምጃዎች ስጡት፦ አንድ መራመድ፣ አንድ መግፋት፣ አንድ ምት። የሕይወት ነጥቡን አትንኩ።

የመጨረሻው ስለ ሦስት ሰው ቡድን የተሰጠው ምክር ነው። መሪው የሚያንቀሳቅሰው ፈዋሽ ሲገባ፣ መሪው ከራሱ ጋር ይዋጋል፤ ተጫዋቾቹም ያን ፈዋሽ መጠበቅ ይጀምራሉ። ከዚያ ይልቅ ውጊያውን ለሦስት ሰው ማስላትና የሚያስነሳ ነገር በእጃቸው መስጠት ይበቃል። የፈውስ መድኃኒት ጠርሙስ 50 የወርቅ ሳንቲም ነው፤ በ2 ባለ 4 ገጽ ዳይስ ላይ 2 ይጨምራል። ሂለር የሚባለው ተጨማሪ ችሎታ ያለው ሰው ደግሞ በሕክምና ቦርሳ አንድን ደረጃ 5 ጓደኛውን በአማካይ 12 ተኩል ይመልስለታል፤ ያው ሰው ዳግም የሚታከመው ከዕረፍት በኋላ ነው። ስሎት አይነካም፤ ሮግም ፋይተርም ሊወስደው ይችላል። ጠርሙሶቹን አንድ ሰው ላይ አታከማቹ። በ2014ቱ ሕግ ለወደቀ ጓደኛ ማጠጣት ሙሉ ድርጊት ይፈጃል፣ በ2024ቱ ተጨማሪ ድርጊት ብቻ፤ በሁለቱም ግን አጠገቡ መድረስ ያስፈልጋል፤ የወደቀውም የራሱን ጠርሙስ ራሱ መጠጣት አይችልም።